የዘገየችው ሰከንድ

የአስለቃሽ ጭሱ ጣሳ በስልኩ መስታወት ላይ በሚታየው ቪዲዮ ውስጥ እንደ ላባ እየተንሳፈፈ ወረደ። «ካሜራው በአንዲት ሰከንድ ብዙ መቶ ምስል ያነሳና እያዘገየ ያሳይሃል፤ የሚደበቀው የለም፣» አለ ባቢከር፣ በትናንቱ ሰልፍ ይስማውን የቀረጸው የጋራዥ ባልደረባው።

ይስማው ጠዋቱን ሙሉ ለባሕሪ ሰፈር መካኒኮች ሲያወራ እንደነበረው፣ ጣሳውን በዘይታም ጓንቱ አንስቶ ወደ ፖሊሶቹ መልሶ ወረወረው። ግን እጁ ወደ ጣሳው ከመውረዱ በፊት ግንባሩን፣ ደረቱን፣ ሁለቱን ትከሻዎቹን ነካ። ከዓይን ያመለጠውን ማማተብ ስልኩ ይዞታል። መካኒኮቹ በሳቅ ፈነዱ።

«ወላሂ ፈርተሃል!» አለ ባቢከር።

ይስማው ፈገግ ብሎ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገ። ከካሜራው ጀርባ ወፍራም፣ የተጎተተ፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ወጣ፤ «ቢ...ስ...ሚ...ላ...ህ»።

«ያላ፣» አለ ይስማው፣ «ይሄ የሚንቀጠቀጠው ድምፅስ የማን ነው?»