አባዬ ስለ መጽሐፉ ምን አለ?

ዮዲ የምታነበው ለሁለት ሰው ነበር፤ ለራሷና ለአባቷ። አባቷ ሳህሌ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ታስሯል። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች አቃቂ፣ የአባቷ እህት አሰለፈች ቤት ነው ያደገችው። አሰለፈች የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት።

ሳህሌ ሲታሰር አንድ ነገር ለምኖ ነበር። «ልጄ አጥር ለአጥር ሆነን እንዳታየኝ» አለ። ስለዚህ ዮዲ አትሄድም። በእሷ ፋንታ መጽሐፍ ይሄዳል።

በየእሑዱ አሰለፈች ዮዲ አንብባ የጨረሰችውን ልብ ወለድ ይዛ ትሄዳለች። ስትመለስ ሳህሌ ስላለፈው መጽሐፍ የሰጠውን አስተያየት በቃሏ ታደርሳለች። ዮዲ በር ላይ ትጠብቃታለች።

«እቴቴ፣ አባዬ ስለ መጽሐፉ ምን አለ?»

«ኧረ መጀመሪያ ቁጭ ልበል! እግር አለኝ እኮ!»

አባትና ልጅ በመጽሐፍ አይስማሙም። ዮዲ በቅርብ የሚወጡትን የአስማት ልብ ወለዶች ትወዳለች። ጥላዋን ለጠንቋይ አስይዛ፣ ወንድሟን ፍለጋ ሐይቅ ሥር ወዳለ ከተማ የምትወርድ ልጅ ታሪክ ደጋግማ አንብባለች፤ ልጅቷ ፀሐይ ላይ ቆማ መሬቱ ባዶ የሚሆንባት ቦታ ላይ ስትደርስ መጽሐፉን ከድና ግቢውን ዞራ ትመጣለች። ሳህሌ ደግሞ የታሪክ ልብ ወለድ ካልሆነ አይጥመውም። እሱንም የሚያነበው ስህተት ለማደን ነው። አንዴ፣ «በጎንደር ነገሥታት ዘመን ድንች ከየት መጣ? ደራሲውን ጠይቂልኝ» ብሎ ላከባት። ዮዲ ሳምንቱን ሙሉ ድንች ባየች ቁጥር ትስቅ ነበር።

ለሚሊኒየሙ ብዙ እስረኛ በይቅርታ ተፈታ። አሰለፈች፣ «የአባትሽ ተራ አልደረሰም» አለች። ዮዲ አለቀሰች፤ ከዚያ ሌላ መጽሐፍ አነሳች።

ከዚያ ወዲህ ትናንሽ ነገሮች ተለወጡ። አሰለፈች በየወሩ የምትሳለመውን ሳሪስ አቦን ትታ እዚያው ሰፈር ያለውን ደብር መሳለም ጀመረች። የታክሲ ግፊያ አልቻልኩም አለች። ዮዲንም ሳሪስ ካለው መጽሐፍ አከራይ ዘንድ እንዳትሄድ ከልክላ፣ ራሷ ከሌላ ቦታ ታመጣላት ጀመር። ምሳ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ከረመ።

«ስንቅ አትወስጂለትም እንዴ?» አለች ዮዲ።

«ሐኪም ያዘዘለትን ምግብ እዚያው ይሰጡታል።»

«ታሟል?»

«ጨጓራ ነው፤ ጨጓራ የሌለው ማን አለ?»

ዮዲን የከነከናት ግን አስተያየቱ ነበር።

«ጥላዋን ያስያዘችው ልጅ አስለቅሳኛለች ብሏል» አለች አሰለፈች አንድ እሑድ።

«አባዬ? በጠንቋይ ተረት?»

«ሰው አይለወጥም እንዴ?»

«የድንቹ ሰውዬ?»

አሰለፈች ተነስታ ጓዳ ገባች።

በ2001 ዓ.ም. ሰኔ፣ አንድ እሑድ ዮዲ አክስቷን ተከተለቻት። አሰለፈች ማረሚያ ቤቱ አጠገብ ከጠያቂዎቹ ጋር ከታክሲ ወረደች። ወደ ሰልፉ ግን አልሄደችም። መንገዱን ተሻግራ ከኪዮስኮቹ መሀል ያለች ሻይ ቤት ገባች። ሻይ አዘዘች፤ መጽሐፉን ከነጠላዋ ሥር አወጣችው። ጣቷን ከየመስመሩ ሥር እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነብ ጀመር። አንድ ቦታ ላይ ቆም አለች፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ጠያቂዎቹ ሲወጡ መጽሐፉን ከድና ተነሳች፤ አብራቸው ታክሲ ያዘች።

የዚያን ቀን ዮዲ በር ላይ አልጠበቀችም። ጎረቤታቸው ያለምወርቅ ዘንድ ሄደች።

«እትዬ ያለምወርቅ፣ አባዬ ሞቷል። እቴቴ ደብቃኝ ነው።»

ያለምወርቅ የምትለቅመውን ምስር አስቀመጠች። አልተገረመችም።

«እኔም ጠርጥሬያለሁ። አሰለፈች መች እንደ ድሮዋ ትስቃለች? ጥቁር ያልለበሰችው አንቺ እንዳታውቂ ብላ ነው፣ ምስኪን።» ልጅቱን እቅፍ አደረገቻት። «በይ እንዳትጠይቂያት። መርዶ ወግ አለው። ሽማግሌ ይምጣ።»

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ የሰፈሩ ሰው ግቢውን ሞላው። ከፊት የእድሩ ዳኛ አቶ ዱሬሳ ነበሩ። አሰለፈች በባዶ እግሯ ወጣች።

«ምንድን ነው ጋሽ ዱሬሳ? ማን ሞተ?»

«ይብቃሽ፣ አሰለፈች» አሉ። «ብቻሽን እስከ መቼ ትሸከሚዋለሽ? ልጅቱ ደርሳበታለች። ሳህሌ የእኛም ወንድም ነው፤ እናልቅስለት።»

ሴቶቹ እሪ አሉ።

«ቆይ… ቆዩ እንጂ…» አለች አሰለፈች።

ዮዲ እግሯ ሥር ተደፍታ ነበር። «አባዬ! ቢፈቱት ኖሮ በሩጫ ወደ እኔ ነበር የሚመጣው! ሌላ የት ይሄዳል? ሌላ ማን አለው?»

አሰለፈች ወደ ታች ልጅቱን አየቻት። የከፈተችውን አፍ መልሳ ዘጋች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና መሬቱ ላይ ከአጠገቧ ተቀመጠች።

ድንኳን ተተከለ። ዮዲ ፀጉሯን ተላጨች። የት እንደተቀበረ የጠየቀ አልነበረም፤ ለቀስተኛው ጥያቄው ቤተሰቡን የሚያሳፍር መስሎት ዝም አለ። ከሁሉም ይበልጥ ያለቀሰችው አሰለፈች ነበረች። «ይህን ሁሉ ዕንባ የት አኑራው ኖሯል?» ተባባሉ ሴቶቹ።

ድንኳኑ በተነሳ ማግስት፣ እሑድ ጠዋት፣ ሳህሌ ከአዲሷ ሚስቱ ጋር ሳሪስ አቦ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጁን ክርስትና አስነሳ።