የልደት አሻንጉሊት

እናቲቱ ልጇ ሶልያና አዲስ አሻንጉሊት ከካርቶን ስታወጣ እየቀረጸች ዩቲዩብ ላይ መልቀቅ ከጀመረች ዓመት አለፋት። ቀረጻው ሲያልቅ ካርቶኑ በፕላስተር እንዳዲስ ይታሸግና ላዋሳቸው ባለሱቅ ይመለሳል፤ ልጅቷ በአንዱም ተጫውታ አታውቅም።

ሰሞኑን ግን ተመልካቹ «ደስታዋ የውሸት ነው» እያለ አስቸገረ። እናት በልጅቷ ስድስተኛ ዓመት ልደት ስልኩን እየቀረጸ እንዲቆይ ቁም ሳጥኑ ላይ ደበቀችና፣ «ዛሬ ቀረጻ የለም፤ ይቺ የራስሽ ናት፣ የኔ ቆንጆ» አለቻት።

ሶልያና አሻንጉሊቷን አቅፋ ዘለለች፤ ሳቀች፤ እንባዋ መጣ። የእናት ሆድ ባባ። እንዲህ ስትደሰት አይታት አታውቅም።

ድንገት ስልኩ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ልጅቷ ሳቋን አቆመች። አሻንጉሊቷን ቀስ ብላ ካርቶኑ ውስጥ መለሰችና ክዳኑን ገጠመች።

«እማዬ፣ ካልተቀረጸ ድጋሚ ልደሰት?»