አራት ጣት ክፍተት

አናጢ ነኝ። በጠረጴዛችን መሃል ክብ ቀዳዳ አውጥቼ ከሥሩ በደረደርኩት ጡብ ላይ የሸክላ ምድጃ ቀዳዳው ውስጥ ሳስቀምጥ፣ እሳቱ እንጨቱን እንዳይበላው ዙሪያውን አራት ጣት ክፍተት ተውኩ። በማግስቱ፣ ገና ከሰል ሳንጨምርበት፣ ክፍተቱ ሁለት ጣት ሆኖ አገኘሁት።

«ገፍተሽው ነው» አልኳት ባለቤቴን።

«ብገፋውማ በአንድ በኩል ይጠብ ነበር። ይሄ እኮ ዙሪያውን ነው የጠበበው። ተወው በቃ!»

«እንጨት ነው እኔን የሚያሸንፈኝ? ሞቼ እገኛለሁ!»

በመጋዝ መልሼ አሰፋሁት። ሲነጋ አንድ ጣት ብቻ ቀርቶታል። በንዴት ምድጃውን ነቅዬ ግቢው ውስጥ ከሰከስኩት።

ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ቀዳዳ የለም፤ መጋጠሚያ እንኳ አይታይም። እጄን ባሳርፍበት አቃጠለኝ።

«መጋዙን አቀብይኝ» አልኳት።

አልተንቀሳቀሰችም። ከእንጨቱ ውስጥ ከሰል ሲንጣጣ እሷም ሰምታለች።