በጉ ጠፋብኝ

መካኒኳ ልጅ ካቻቢቴዋን የመኝታ ቤቱ በር ብሎን ላይ እንደሰካች ቀጥ አለች። ከውስጥ ቆልፋ የተቀመጠችው እናቷ፣ «ልጄን መስላችሁ ልትገቡ ነው? ድምጿንም ሰርቃችኋል!» ብላ ጮኸች። ሕመሟ ሲነሳባት የገዛ ልጆቿ ባዕድ ይሆኑባታል። የመካኒኳ ወንድም ከኋላ ቆሞ፣ «ምን ትጠብቂያለሽ? ፍቺውና እንግባ» አላት። መፍታቱ ለእሷ የደቂቃ ሥራ ነበር። ግን በሩ በግድ ከተከፈተ የሚገቡት እናቷ የምትፈራቸው እነዚያ ሰዎች ናቸው።

ካቻቢቴውን ቱታዋ ኪስ ከተተችና ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ ዘፈነች። ድሮ ከሬዲዮ ጠዋት ማታ የሚያደነቁራቸው፣ ደጅ የቀረ አፍቃሪ የሚለማመጥበት ዘፈን ነበር። «በሩን ክፈቺልኝ፣ በጉ ጠፋብኝ...»

«ተሳሳትሽ» አለ ወንድሟ። «‹ብርዱ ጠናብኝ› ነው የሚለው።»

«እሱንማ ሬዲዮ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል» አለችው።

በጉ የእሷ ብቻ ነበር። ትንሽ ልጅ ሳለች እንደዚያ እየዘፈነች ቤቱን ስትዞር እናቷ በሳቅ ፍርስ ትል ነበር። አሁንም ያንኑ በግ ደግማ ደጋግማ ጠራችው፤ ድምፅ አልታደለችም፣ ጉሮሮዋ ተሰነጣጠቀ፣ ግን አላቆመችም። ከውስጥ ያለው ጩኸት መጀመሪያ ረገበ፣ ቀጥሎ ጠፋ። ከዚያ ቁልፉ ቀጭ ብሎ ዞረ።

«ኧረ ብርዱ ነው፣ ልጄ» አለች እናቷ። «የምን በግ አመጣሽብኝ!»