የአባቴ ነጭ ሸሚዝ

ነጩ ካናቴራዬ ሽቦው ላይ ተሰጥቶ ውሃ ያንጠባጥባል። ለቴሌስኮፔ ብዬ ያስቀመጥኩትን እናቴ ናት ያጠበችው፤ ደግ ሠራሁ ብላ።

ሰማዩ እየነጣ ነው። ፀሐይ ሳትወጣ በቴሌስኮፑ አፍ ላይ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ወጥሬ መስታወቱ ላይ ያረፈውን የአቧራ ጥላ ለብቻው ካላነሳሁ፣ በኮምፒውተር ቀንሼ ከኔቡላው፣ ከሩቁ የሰማይ ደመና፣ ፎቶ ላይ ላስለቅቀው አልችልም። የስንት ሌሊት ድካሜን ውሃ በላው ማለት ነው። ደግሜ እንዳላነሳው የጎረቤት ፎቅ ሽቅብ እያደገ ነው፤ ያንን የሰማይ ጥግ ሊጋርደው ምንም አልቀረው።

አባቴ ሰገነቱ ላይ ብቅ ይላል። የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ነጩን የደንብ ሸሚዝ ተኩሶ ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ ወደ ሥራ ሊወጣ ነው። የባንክ ሥራዬን ከለቀቅኩ ወዲህ አኩርፎኛል። የሚለኝን ሁሉ በእናቴ በኩል ነው የሚልከው፦ "ለልጅሽ ንገሪያት፣ ጨለማ ፎቶ ማንሳት ሥራ አይባልም።"

እዚህ ግን እናቴ የለችም። ግራ ቀኝ ያይና ቴሌስኮፑን ያናግረዋል።

"ሰው በዚህ ብርድ እንቅልፉን አጥቶ ምን ያገኛል?"

ላፕቶፑን አዞርለታለሁ። ቀይ ደመና፣ መሀሉ ላይ ደብዛዛ ክብ ጥላ።

"እሳት ነው?"

"ጋዝ ነው፣ አባዬ። በራሱ ነው የሚያበራው። ቀዩ በዓይን አይታይም፤ ብርሃኑ እስኪጠራቀም ካሜራው ቁጭ ብሎ መጠበቅ አለበት።"

"ይሄ ጠቆር ያለውስ?"

"አቧራ። አፉ ላይ የምወጥረው ነጭ ጨርቅ ካላገኘሁ እንደዚሁ ይቀራል።" እንባዬ መጥቷል።

ሽቦው ላይ ያለውን ካናቴራ ያያል፤ ሰዓቱን ያያል። በሥራ ዘመኑ ሁሉ አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም። ከዚያ የሸሚዙን ቁልፎች መፍታት ይጀምራል።

"ኧረ አባዬ፣ ይረፍድብሃል!"

"ኪሱ ያስቸግርሻል?"

"በጀርባው በኩል ይሻላል።"

ሸሚዙን በቴሌስኮፑ አፍ ላይ ወጥሮ፣ መሪ እንደሚይዝ በሁለት እጁ ይይዘዋል። ከወገቡ በላይ በውስጥ ልብስ ብቻ ቆሞ ብርዱ ክንዱን ያቆረፍደዋል። እኔ ቶሎ ቶሎ አነሳለሁ።

እናቴ ከታች ትጮኻለች። "አንተ ሰውዬ! ዛሬ ሥራ የለህም እንዴ?"

እጁን ሳያነቃንቅ አንገቱን ብቻ ወደ ደረጃው ያዞራል።

"ሥራ ላይ ነን!"