ያልጠፋው ጥዝታ

የልብ ምት ማዳመጫው የሚሠራው በአንድ ባለ ዘጠኝ ቮልት ባትሪ ስለሆነ፣ መሐንዲሱ ለድምፅ ማጉያው፣ ሞገዱ ወደ ላይም ወደ ታችም እንዲወዛወዝበት፣ አራት ተኩል ቮልት ላይ የመሃል ነጥብ አበጀለት። ከመብራት መስመር የሚገባውን ጥዝታ የሚያስቀር ማጣሪያም ጨመረ። ጥዝታው ግን አልጠፋ አለው። ሬዚስተሩን ቀየረ፤ ካፓሲተሩን ቀየረ፤ ደከመው።

ረዳቱ ትርሲት ተቀብላው አዳመጠች።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ልብ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ክሊኒኩ እየጠበቀን ነው፤ እናስረክብ።"

"ጆሮሽን ታጠቢ።"

"ታጥቤያለሁ። እርስዎ ይረፉ።"

ድንገት የሰፈሩ መብራት ጠፋ። መሣሪያውን ነጥቋት ጆሮው ላይ አደረገ፤ ጥዝታው ከመስመሩ ከሆነ አሁን መጥፋት አለበት። አልጠፋም። ባትሪውን ነቀለ። በመጨረሻም ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ጥዝታው እዚያው ጆሮው ውስጥ ነበር።

"አሁንስ?" አለችው።

"አሁንማ ጠፋ" አላት። "ውሰጂና አስረክቢ።"