ግማሽ በግማሽ

ከንቲባው ቁጥር ይወዳል፤ አንድ ብቻ እስከሆነ ድረስ። የአካባቢ ብክለት ባለሙያዋ ይዛ የመጣችው ግን ሁለት ነበር።

«የቀለም ፋብሪካው የቀበረው ዝቃጭ ወደ ታች እየሰረገ ነው» አለች፣ የአዳራሹ ግድግዳ ላይ የበራውን ካርታ እያሳየች። «ወይ ወንዙ ውስጥ ይገባል፣ ወይ አዲሱ ጉድጓድ ውስጥ። ሞዴሉ ለሁለቱም እኩል ዕድል ነው የሚሰጠው።»

የታችኛው ሰፈር ሰው የሚጠጣው ከወንዙ ነው። አዲሱን ጉድጓድ ማዘጋጃ ቤቱ አስቆፍሮ ጨርሷል፤ የቧንቧ መስመሩ ግን ገና ሰፈር አልገባም፤ የተቀጠለው ለዚሁ አዳራሽ ብቻ ነው፣ ያውም ዛሬ ጠዋት።

«እህቴ፣ ሕዝቡ የሚጠይቀው እኔን ነው» አለ ከንቲባው። «የቱን ይጠጣ?»

«የናሙናው ውጤት እስኪመጣ በቦቴ ይቅረብለት።»

«በዚህ ጭቃ ቦቴ በየት ይገባል? ደግሞ ጥናት አጥኑ አልን፤ የጥናቱ ውጤት ሌላ ጥናት ሆነ።»

አዳራሹ ሳቀ። ባለሙያዋ አልሳቀችም። እናቷ የሚኖሩት ታችኛው ሰፈር ነው፤ ጠዋት ደውለውላት ነበር።

«ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ፣ የሚጠጣውን ንገሪኝ እንጂ ልጄ።»

«ግማሽ በግማሽ ነው እማዬ፤ ገና አልታወቀም።»

«እንግዲያው ግማሹን ከወንዙ፣ ግማሹን ከጉድጓዱ ልቀላቅለው?»

አዳራሹ ሳቁን ሳይጨርስ ከኋላ ረድፍ ባለፋብሪካው ተነሳ። ወንዙ ተበክሏል ከተባለ ፋብሪካው እንደሚታሸግ ያውቃል።

«ይሄ ሁሉ ንትርክ ለምን?» አለ። «የወንዙን ውሃ እዚሁ ፊታችሁ እጠጣላችኋለሁ።»

ጆግ አንስቶ በጓሮ በር ወጣ። ብዙም አላስጠበቀም፤ ቀልጣፋ ሰው ነው። ጫማው እንደወትሮው እያበራ መድረኩ ላይ ወጣና ብርጭቆውን ሞላ።

ሰዉ ዓይኑን ተከለበት። አፉ ውስጥ አቁሮ ሊተፋው ነው፣ እጅጌው ውስጥ ሊያፈሰው ነው ብሎ ያልጠረጠረ አልነበረም። ባለሙያዋማ አጠገቡ ሄዳ ቆመች። እሱ ግን ግጥም አድርጎ ጠጣ፤ አፉን ከፍቶ አሳየ። ሁለተኛ ብርጭቆም ደገመ።

«አሁንስ?» አለ።

ከንቲባው ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሳ ባለፋብሪካው ሆዱን ያዘ። ከዚያ ቁርሱንም ምሳውንም መድረኩ ላይ ዘረገፈው።

«በቃ» አለ ከንቲባው፣ አምቡላንሱ ከግቢ ሳይወጣ። «ወንዙ ነው። ፋብሪካው ይታሸግ፣ ወንዙ ይታጠር፣ የጉድጓዱ ውሃ ዛሬውኑ ለሰፈሩ ይለቀቅ።»

«ክቡር ከንቲባ፣ አንድ ብርጭቆ እኮ ማስረጃ አይሆንም» አለች ባለሙያዋ።

«ሁለት ነው የጠጣው» አላት።

አመሻሹ ላይ ሆስፒታል ሄዳ ጠየቀችው። ሰውየውን ወዳው አታውቅም፤ ቃሉን ጠብቆ ጠጥቶ የታመመን ሰው መጠርጠሯ ግን አሳፍሯታል። አልጋው አጠገብ ከመቀመጧ ስልኳ ጠራ። እናቷ ናቸው።

«ተገላገልን ልጄ፣ ቧንቧው መጣ። እኔ እንዳንቺ ሳሰላስል አልውልም፤ ጀሪካኖቼን ሁሉ ሞልቻለሁ። ሻይ ጥጄ ጎረቤቶቼን እየጠበቅኩ ነው።»

ባለሙያዋ በረጅሙ ተነፈሰች። ከስንት ቀን በኋላ ልቧ አረፈ። እናቷን ተሰናብታ ስልኩን ልትዘጋ ስትል ባለፋብሪካው ክንዷን ያዘ። ፊቱ ገርጥቷል፤ ንዴቱ ግን ጤነኛ ነው።

«እባክሽ እህቴ፣ ፋብሪካዬን የዘጋው በግፍ እንደሆነ ለከንቲባው ንገሪልኝ» አላት። «የወንዙን ውሃ እኔ መቼ ነካሁት? የቀዳሁት እኮ ከአዳራሹ ቧንቧ ነው።»